ለአካል ጉዳትና ለጤና ችግር የሚስማማ ዶርም አጠያየቅ፦ ጅማ ለሚገቡ ተማሪዎች

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊገባ ሲል የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። "አካል ጉዳት አለብኝ፣ ለብቻዬ ዶርም ይሰጡኛል ወይ?" አንዳንዴ ራሱ ተማሪው ነው፣ አንዳንዴ እናት ወይም ታላቅ ወንድም። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ እዚህ ጻፍኩት።

አጭሩ መልስ ይኸው። የብቻ ክፍል ማግኘት ከባድ ነው፣ ግን አይቻልም ማለት አይደለም። የሚስማማ ክፍል ማግኘት ግን ከዚያ በጣም ይቀላል። ብዙ ሰው "ለብቻዬ ክፍል ስጡኝ" ይላል፣ "ክፍል የለም" ይባላል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ችግሩን አስረድቶ መፍትሔውን በዝርዝር የጠየቀ ሰው ግን "የለም" ቢባል እንኳ ሁለተኛ አማራጭ በእጁ አለ።

መያዝ ያለባችሁ

- የሐኪም ፊርማና የተቋሙ ማህተም ያለበት የሕክምና ማስረጃ፤ ዋናውና ቢያንስ ሦስት ኮፒ
- ካላችሁ ከወረዳ ወይም ከአካል ጉዳተኞች ማህበር የተሰጠ መታወቂያ ወይም ደብዳቤ
- የተማሪ መታወቂያ፤ ገና ካልወጣላችሁ የምደባ ማስረጃ
- ማመልከቻ፣ በሁለት ኮፒ
- ሜትር (የልብስ ሰፊ ሜትርም ይሆናል)
- ወረቀቱን ሁሉ የሚይዝ ክላሰር፤ ጅማ ዝናብ አታጣም፣ ላስቲክ ያለው ቢሆን ይሻላል
- የሁሉም ወረቀት ፎቶ በስልካችሁ ላይ

ማስጠንቀቂያ፦ ዋናውን ማስረጃ ለማንም አታስረክቡ። አሳዩ፣ ኮፒውን ስጡ፣ ዋናውን ይዛችሁ ውጡ። ፋይል ሲጠፋ እንደገና አገራችሁ ሄዳችሁ ካርድ ማስወጣት ነው የሚተርፋችሁ።

1. የሚያስቸግራችሁን ነገር ከጉዳቱ ስም ለይታችሁ ጻፉ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ይበዛል፣ የሚጎዳውም እዚህ ነው። ዶርም የሚደለድለው ሰው ሐኪም አይደለም። የበሽታውን ስም ሲያነብ ምን ማድረግ እንዳለበት አይገባውም። "ደረጃ መውጣት አልችልም" ሲባል ግን ወዲያው ይገባዋል።

አንድ ወረቀት አውጡና ከጠዋት እስከ ማታ ዶርም ውስጥ የምታደርጉትን አስቡ። መነሳት፣ መታጠብ፣ ሽንት ቤት፣ ልብስ ማጠብ፣ ማጥናት፣ መተኛት። የትኛው ላይ ነው የምትቸገሩት? ከጎኑ ደግሞ ምን ቢደረግ እንደሚቀልላችሁ ጻፉ። በተደጋጋሚ የሚገጥሙኝን ላንሳ።

*ዊልቸር የምትጠቀሙ።* የሚያስፈልጋችሁ ብዙ ጊዜ ቦታ እንጂ ብቸኝነት አይደለም። ግራውንድ ላይ ያለ ክፍል፣ ደረጃ የሌለው መግቢያ፣ ዊልቸር የሚያስገባ መጸዳጃ ቤት። ክፍሉ ከጠበበ አንድ ተደራራቢ አልጋ ይውጣልን ብላችሁ ጠይቁ። አንድ አልጋ ማውጣት አንድ ሙሉ ክፍል ከመስጠት ለቢሮው ይቀላል።

*ክራንች ወይም ሰው ሠራሽ እግር ያላችሁ።* ግራውንድ ወይም አንደኛ ፎቅ፣ የታችኛው አልጋ፣ ለሽንት ቤትና ለውሃ ቅርብ። ውሃ ሲቋረጥ ጄሪካን ተሸክሞ ፎቅ መውጣት አለ፤ ይህንን ማንም አስቀድሞ አያስበውም፣ እናንተ ግን ጻፉት።

*ዓይነ ስውራን።* ዕቃ በየቀኑ የማይቀያየርበት ክፍል፣ በር አጠገብ ወይም ጥግ ላይ ያለ አልጋ፣ የሚቆለፍ ሎከር። ከሁሉ በላይ ግን አብሯችሁ የሚማር ወይም የሚያነብላችሁ ጓደኛ በአንድ ክፍል እንዲመደብላችሁ ጠይቁ። እሱም በማመልከቻው ላይ ይፈርም።

*መስማት የተሳናችሁ።* ተኝታችሁም ሆነ ተቀምጣችሁ በሩን ማየት የምትችሉበት አልጋ። እሳት ወይም ሌላ አደጋ ቢነሳ የሚቀሰቅስ ሰው ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የብቻ ክፍል ለእናንተ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

*የሚጥል በሽታ ያለባችሁ።* የብቻ ክፍል አትጠይቁ። አጥብቄ የምለው ነው። ሕመሙ ሌሊት ቢነሳ የሚያይ ሰው ያስፈልጋችኋል። የሚጠየቀው የታችኛው አልጋና ጉዳዩን የሚያውቁ ዶርም ሜቶች ናቸው። ለእነሱም አስረዷቸው፦ በጎን ማስተኛት፣ አጠገብ ያለውን ጠንካራ ዕቃ ማራቅ፣ አፍ ውስጥ ምንም አለማስገባት፣ ክብሪት ጭሮ አለማሽተት፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቁ ከደጋገመ ወደ ሆስፒታል መውሰድ።

*ስኳር ያለባችሁና ኢንሱሊን የምትወስዱ።* ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ዶርም ውስጥ ፍሪጅ የለም። ስለዚህ በተማሪዎች ክሊኒክ ፍሪጅ ውስጥ እንዲቀመጥላችሁ ጠይቁ። የተከፈተው ግን ሙቀት በማይበዛበት ጥላ ቦታ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ በእጃችሁ ያለው ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ።

*አስም ያለባችሁ።* ከካፌ ጭስ የራቀ፣ ግድግዳው ሻጋታ ያልያዘው፣ መስኮቱ የሚከፈት ክፍል። ሰንደል፣ የከሰል ጭስና የሚረጭ ሽቶ ክፍል ውስጥ እንዳይኖር ከዶርም ሜቶቻችሁ ጋር ተስማሙ።

*ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቱቦ) ወይም የሰገራ ከረጢት የምትጠቀሙ፣ ሽንት መቆጣጠር የምትቸገሩ።* የብቻ ክፍል ለመጠየቅ ከሁሉም ጠንካራው ምክንያት የእናንተ ነው። ንጽሕናውም ገበናውም ሰው ፊት የሚደረግ አይደለም። አትፈሩ፣ በግልጽ ጠይቁ።

*የአእምሮ ጤና ክትትል ያላችሁ።* ሰው የሚቀንስበትና ሌሊት ጸጥ የሚል ክፍል ሊረዳ ይችላል። ለብቻ መሆኑ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል የሚለውን ግን የሚያክማችሁ ባለሙያ ይወስን፤ ለአንዳንዱ ብቻውን መሆን ሕመሙን ያብሳል።

2. የሕክምና ማስረጃውን በሚገባው ቃል አጽፉ

"የዲስክ መንሸራተት አለበት" ብቻ የሚል ወረቀት ግማሹ የጎደለ ነው። ሐኪሙን ሦስት ነገር እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት፦

- ችግሩ ቋሚ ነው ወይስ እስከ መቼ የሚቆይ፤
- በዚህ ምክንያት ምን ማድረግ አትችሉም ወይም አይገባችሁም፤
- ከመኖሪያ አንጻር ምን ይመክራል።

ለምሳሌ፦ "ከአንድ ፎቅ በላይ ደረጃ መውጣት የለበትም፤ ከባድ ዕቃ ማንሳት አይፈቀድለትም፤ የታችኛው አልጋ እንዲሰጠው ይመከራል።" ይህ ዓረፍተ ነገር ካለ የደልዳዩ ሥራ ግማሹ አልቋል። ከሌለ ግን "እሺ፣ ታዲያ ምን እናድርግህ?" የሚል ጥያቄ ነው የሚጠብቃችሁ።

ማስረጃውን ከአገራችሁ ሳትወጡ አሠሩ። ካርዳችሁ ያለው እዚያ ነው፣ የሚያውቃችሁም ሐኪም እዚያ ነው። ጅማ ከደረሳችሁ በኋላ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ሂዱና ሪፈር አጽፉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይንም የአእምሮ ሕክምናም ክፍል ስላለው አዲስ አበባ መመላለስ አይጠበቅባችሁም። ሪፈሩ የሚያስፈልገው ያለ እሱ ካርድ ክፍል ላይ ጊዜ ስለሚባክን ነው።

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ችግር የለውም፣ ብዙውም እንደዚያ ነው። ከወረዳ የመጣ ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ ከሆነ ጅማ ላይ የሚያነበው አይጠፋም፤ በሌላ ቋንቋ ከሆነ ግን አስተርጉማችሁ ያዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከደላላ ወረቀት አትግዙ። ቢሮው ጽፎ ወደ ሆስፒታሉ ቢያጣራ የእናንተ ጉዳይ በዲሲፕሊን ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እውነተኛ ጠያቂም ሰው አያምነውም።

3. ክፍሉን ሄዳችሁ ለኩ

የተመደባችሁበት ዝርዝር ሲለጠፍ ዕቃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ብሎኩን እዩ። ማየት የማትችሉ ከሆነ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን ራሳችሁ ተራመዱበት።

የዊልቸራችሁን ስፋት ከጎማ ዳር እስከ ጎማ ዳር ለኩ። በእጅ የሚገፋው ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 70 ሳንቲሜትር ነው። የበሩን ስፋት ስትለኩ በሩ ተከፍቶ የሚቀረውን ክፍተት እንጂ ፍሬሙን አትለኩ፤ በሩ ራሱ ጥቂት ሳንቲሜትር ይበላል። ዊልቸር ሙሉ ለመዞር 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ራምፕ ካለ ደግሞ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ሊኖረው ይገባል። ከዚያ ካጠረ ብቻችሁን አትወጡትም፣ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ስትወርዱ ያንሸራትታል።

ሽንት ቤቱን ሳታዩ እንዳትመለሱ። ብዙ ሰው የሚያየው አልጋውን ነው፣ የሚወድቀው ግን እዚህ ነው። ከአልጋችሁ ተነሱና እስከ ሽንት ቤቱ ሂዱ። መግቢያው ላይ ውሃ እንዳይወጣ የተሠራች ዝቅተኛ እርከን አለች? ቀን ላይ ቀላል ናት፤ ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሴራሚኩ ረጥቦ ግን ክራንች የሚከዳው እሷ ላይ ነው። የክራንቻችሁን ጫፍ ጎማ ገልብጣችሁ እዩ። ለስልሶ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት፣ ማመልከቻ አያስፈልገውም። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ብቻ ከሆነና መቀመጥ የማትችሉ ከሆነ ደግሞ መሐሉ የተቀደደ ወንበር እንዲዘጋጅላችሁ በማመልከቻው ላይ አስገቡ። ግቢው ውስጥ ያለ አናጢ ወይም ብየዳ ሠራተኛ የሚሠራው ነገር ነው።

ፎቶ አንሱ። "በሩ ጠባብ ነው" ከማለት ሜትሩ የተዘረጋበት ፎቶ ይናገራል።

4. ማመልከቻውን ጻፉ

ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የሕይወት ታሪክ አያስፈልግም፣ ልመናም አያስፈልግም። ችግሩ፣ የሚያስከትለው ነገር፣ የምትጠይቁት፣ ያ ባይሆን የምትቀበሉት። አንድ ናሙና፦

> ቀን፦ ______
>
> ለተማሪዎች ዲን ጽ/ቤት
> ጅማ
>
> ጉዳዩ፦ ለጉዳቴ የሚስማማ የመኝታ ክፍል እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ
>
> ስሜ ______፣ የመታወቂያ ቁጥሬ ______ ሲሆን የ______ ዓመት ተማሪ ነኝ። በግራ እግሬ ላይ ባለብኝ ቋሚ ጉዳት ምክንያት የምንቀሳቀሰው በሁለት ክራንች ነው። የተመደብኩበት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑ ለምግብ፣ ለትምህርትና ለቤተ መጻሕፍት በወጣሁ ቁጥር ደረጃ መውጣትና መውረድ አለብኝ። ውሃ ሲቋረጥም ከታች ተሸክሜ መውጣት አልችልም። ስለዚህ፦
>
> 1ኛ/ ግራውንድ ላይ፣ ለመጸዳጃ ቤት ቅርብ በሆነ ክፍል የታችኛው አልጋ እንዲሰጠኝ፤
> 2ኛ/ ይህ እስኪመቻች ድረስ ለጊዜው ግራውንድ ላይ በማንኛውም ክፍል እንድቆይ፤
>
> እየጠየቅሁ የሕክምና ማስረጃዬን ኮፒ ____ ገጽ አያይዤ አቅርቤያለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
> ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ
>
> ግልባጭ
> ለልዩ ፍላጎት ድጋፍ ክፍል

የብቻ ክፍል የምትጠይቁ ከሆነ የጥያቄውን ክፍል እንዲህ ለውጡት፦ "በቀን ብዙ ጊዜ ካቴተር መቀየርና መታጠብ ስላለብኝ፣ ይህም በሌሎች ተማሪዎች ፊት የሚደረግ ስላልሆነ፣ 1ኛ/ የብቻ ክፍል፤ 2ኛ/ ካልተቻለ ሁለት ሰው ብቻ የሚኖርበት ክፍል፤ 3ኛ/ ያም ካልተቻለ የሚቆለፍ የመታጠቢያ ክፍል እንዲመቻችልኝ።"

አማራጩን ከላይ ወደ ታች ማስቀመጡ ምክንያት አለው። ቢሮው ክፍል በእውነትም ላይኖረው ይችላል። አንድ ነገር ብቻ ከጠየቃችሁ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። ሦስት ከጠየቃችሁ "ሦስተኛውን እናድርግላችሁ" የሚል በር ይከፈታል። ግን የማትኖሩበትን አማራጭ አትጻፉ፣ እሱን ነውና የሚሰጧችሁ።

የበሽታችሁን ዝርዝር ማመልከቻው ላይ ማስፈር አይጠበቅባችሁም። ማመልከቻ በብዙ እጅ ያልፋል። ስሜታችሁን የሚነካ ነገር ካለ ማስረጃውን በፖስታ አሽጉና "ለኃላፊው ብቻ" ብላችሁ ጻፉበት።

5. የሚገባበት ቦታ

ፕሮክተሩ (የዶርሙ ተቆጣጣሪ) አይወስንም። ግን ለእሱ ሳትነግሩ አትለፉ፤ የትኛው ክፍል ባዶ አልጋ እንዳለው ከሁሉም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። "እገሌ ክፍል አንድ አልጋ አለ" ካላችሁ ቁጥሩን ማመልከቻው ላይ ጻፉት።

ከዚያ መዝገብ ቤት። አንዱን ኮፒ አስገቡ፣ በሌላው ላይ የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር አስመትታችሁ ይዛችሁ ውጡ። ይህ ቁጥር ከሌላችሁ ማመልከቻ አላስገባችሁም ብላችሁ ቁጠሩት። በቃል የተባለ ነገር ኃላፊ ሲቀየር ይጠፋል። የቢሮዎች ስምም በየጊዜው ይለወጣል፤ ስትጽፉ በሩ ላይ የተለጠፈውን ስም ተጠቀሙ።

ለዩኒቨርሲቲ ምደባ ብላችሁ ለትምህርት ሚኒስቴር ያስገባችሁት ማስረጃ ዶርም ደልዳዩ ጋ ይደርሳል ብላችሁም አትተማመኑ። በእጃችሁ እንደገና አቅርቡ። ቀድሞ መድረስም ዋጋ አለው፦ ግራውንድ ያሉት አልጋዎች ከተያዙ በኋላ ለእናንተ ሲባል ሌላ ተማሪ ማስነሳት ግድ ይሆናል፣ ማንም ደግሞ ይህን በደስታ አያደርገውም።

6. ተከታተሉ፣ ግን በሥርዓት

መቼ እንደምትመለሱ ጠይቃችሁ ውጡ፣ በተባለው ቀን ሂዱ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው ነው፤ ፋይሉ ራሱ አይጮህም። በዚያው ልክ ግን በየቀኑ በር ማንኳኳት ሰው ያሰለቻል። ከሄዳችሁ ማንን እንዳናገራችሁና ምን እንደተባላችሁ በስልካችሁ ጻፉ።

እስከዚያ ድረስ ከሌላ ተማሪ ጋር በግል አልጋ አትቀያየሩ። በወረቀት ላይ ያላችሁት ሌላ ቦታ ይሆናል፣ ዕቃ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ጣጣው እናንተ ላይ ይመጣል። መቀያየር ከፈለጋችሁ ፕሮክተሩ ይመዝግበው።

7. እምቢ ከተባላችሁ

"ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ" በሉ። በጨዋ አነጋገር። ከዚያ ሁለተኛ ደብዳቤ ለበላይ ኃላፊው ጻፉ፣ የመጀመሪያውን የመዝገብ ቁጥር ጠቅሳችሁ። በዚህኛው ላይ ሕግ መጥቀስ ይቻላል፦

- ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 የከፍተኛ ትምህርትንም ይጨምራል፣ አስፈላጊው ማመቻቸት እንዲደረግም ያዛል።
- የሕንፃ ሕጉም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መጸዳጃ ቤት እንዲኖራቸው ይላል።

ሕጉን በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አትጥቀሱ። ገና ሰላም ሳትባባሉ ክስ ይመስላል። በሁለተኛው ላይ ግን ቦታው ነው።

የተማሪዎች ህብረትም ይጠቅማል፤ ኃላፊዎቹን በየስብሰባው ያገኛቸዋል። ግቢው ውስጥ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ማህበር ካለ ከሁሉ ቀድማችሁ እነሱን አግኙ፣ የትኛው ብሎክ ለማን እንደሚሆን በልምድ ያውቁታል። ግቢው ውስጥ መፍትሔ ከጠፋ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ጅማ ከተማ ላይ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አለው፣ አቤቱታ ማቅረብ ትችላላችሁ። ያኔ የሚጠየቀው እነዚያ የተመቱ ኮፒዎች ናቸው።

8. ክፍሉ ከተሰጣችሁ በኋላ

የብቻ ክፍል ካገኛችሁ ተለዋጭ ቁልፉ ፕሮክተሩ ጋ ይኑር። ውስጥ ብትወድቁ በር ሰብሮ የሚገባ ሰው መጠበቅ የለባችሁም። ማታ ማታ የሚደውልላችሁ ሰውም መድቡ። ክፍሉ የእናንተ ብቻ ሆነ ብላችሁ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምድጃ አታስገቡ፤ ፕሮክተር ሲያገኘው ክፍሉንም ያስነጥቃችኋል።

ዘመድ ወይም እንግዳ አታሳድሩበት። አስተያየቱ የተደረገው ለጉዳታችሁ ነው። ረዳት አብሯችሁ ማደር ካለበት በስሙ ፈቃድ አስወጡለት።

ተስፋ ቆርጣችሁ ውጭ ልትከራዩ ከሆነ ቤቱን በዝናብ ቀን እዩት። ከአስፋልት ገባ ያለው መንገድ ሲጨቀይ ዊልቸር አይገፋበትም፣ ባጃጅም አልገባም ይላል። የግቢው ሽንት ቤት የት እንደሆነም ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ከክፍሉ ርቆ ጓሮ ነው። ደግሞም የወጪ መጋራት ውሉን (የትምህርታችሁን ወጪ ከፊል በኋላ ለመክፈል የምትፈርሙትን) ስትሞሉ የማትጠቀሙበትን የመኝታ አገልግሎት እንዳትፈርሙ፤ የፈረማችሁበት ሁሉ ስትመረቁ ዕዳ ሆኖ ይቆጠራል።

የዶርም ድልድል በየዓመቱ እንደገና ሊሠራ ይችላል። ዘንድሮ የተሰጣችሁ ክፍል ለከርሞ ይቀጥላል ማለት አይደለም። ለክረምት ከመውጣታችሁ በፊት የቀጣዩን ዓመት ማመልከቻ አስገቡ፣ ያለፈውን ውሳኔ ኮፒ አያይዙበት። ማስረጃችሁ "ቋሚ" የሚል ከሆነ አዲስ ምርመራ ላያስፈልግ ይችላል፤ "ለስድስት ወር" የሚል ከሆነ ግን ክረምቱን አገራችሁ ስትሆኑ አሳድሱት።